«እስቲ አንድ ስም ጥቀስ!»፦ ስለ ሞት ቅጣት የተሠራ አንድ ልብ አንጠልጣይ ፊልም ሲመረመር

ፊልም እንደ ማንኛውም የኪነ ጥበብ ዘርፍ ከበቀለበት ኅብረተሰብ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ኪነ ጥበብ ሸቀጥ በሆነበት አገር ደግሞ ከባድ የሆነ ማኅበራዊ ጥያቄ እንኳ ከሕዝብ ፊት የሚቀርበው ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ተደርጎ፣ በታወቁ ተዋንያን ታጅቦና ወጪውን እንደሚመልስ ታምኖበት ነው። ይህን ስንል በዚህ መንገድ የሚሠራ ፊልም ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። አንዳንዱ በገበያው ውስጥ ሆኖም እውነትን ይነካል፤ ከነካው እውነት ጎን ለጎን ግን ሌላውን ይሸፍናል። የነቃ ተመልካች ተግባርም የተነካውን ከተሸፈነው ለይቶ ማየት ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው «የዴቪድ ጌል ሕይወት» የተባለውን የአሜሪካ ፊልም ነው። ፊልሙ ለሕዝብ የቀረበው በ2003 ሲሆን አዘጋጁ እንግሊዛዊው አለን ፓርከር ነው። ፓርከር በ2020 እስኪሞት ድረስ ሌላ ፊልም ስላልሠራ የመጨረሻ ሥራው ይኸው ሆኖ ቀርቷል። ዋነኞቹ ተዋንያን ኬቨን ስፔሲ፣ ኬት ዊንስሌትና ላውራ ሊኒ ናቸው። ታሪኩ የሚፈጸመው በቴክሳስ ግዛት ነው። ቦታው በአጋጣሚ አልተመረጠም። በአሜሪካ የሞት ቅጣት እንደገና ከተፈቀደበት ከ1976 ወዲህ ከየትኛውም ግዛት ይበልጥ ሰው በፍርድ የገደለችው ቴክሳስ ናት፤ ቁጥሩም ከ590 በላይ ደርሷል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የታሪኩ ይዘት

ዴቪድ ጌል በኦስቲን ከተማ የሚኖር የታወቀ የፍልስፍና መምህር ነው። ከሥራ ባልደረባው ከኮንስታንስ ሃራዌይ ጋር የሞት ቅጣትን በሚቃወም ማኅበር ውስጥ ይታገላል። በቴሌቪዥን በተዘጋጀ ክርክር ላይ ከግዛቱ ገዥ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል። በንግግር ችሎታ የሚበልጠው መምህሩ ነው፤ ሆኖም ገዥው ነገሩን በአንድ ጥያቄ ይዘጋዋል፦ በእኔ የሥልጣን ዘመን ያለ ጥፋቱ የተገደለ አንድ ሰው በስም ጥቀስ ይለዋል። መምህሩ መልስ ያጣል። የፊልሙ ታሪክ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ከዚህ በኋላ የመምህሩ ሕይወት ይፈራርሳል። ከትምህርት ገበታ የተባረረች አንዲት ተማሪ በአስገድዶ መድፈር ትከስሰዋለች። ክሱ ቢነሣለትም ሥራው፣ ትዳሩና ክብሩ አብረውት አይመለሱም። ኮንስታንስ ደግሞ አንድ ቀን በቤቷ ውስጥ እጇ በካቴና ታስሮ፣ ራሷ በፕላስቲክ ከረጢት ተሸፍኖ፣ ታፍና ሞታ ትገኛለች። ማስረጃው ሁሉ ወደ ጌል ስለሚያመለክት ሞት ይፈረድበታል። ሊገደል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቢትሲ ብሉም የተባለች የመጽሔት ጋዜጠኛ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎባት ለሦስት ቀናት በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ታነጋግረው ዘንድ ከኒው ዮርክ ትመጣለች። እየቆየች ስትሄድ ሰውዬው ንጹሕ መሆኑን ታምናለች። በመጨረሻም ኮንስታንስ በማይድን የደም ካንሰር ተይዛ እንደነበረና ሕይወቷን ራሷ እንዳጠፋች የሚያሳይ የቪዲዮ ካሴት በእጇ ይገባል። ወደ እሥር ቤቱ ስትበር መኪናዋ መንገድ ላይ ይቆምባታል፤ በእግሯ ትሮጣለች፤ ስትደርስ ግን ሁሉም ነገር አብቅቷል። አበው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚሉት ነው።

ፊልሙ በዚህ አያበቃም። ካሴቱ ለሕዝብ ታይቶ አገር ከታመሰ በኋላ ሌላ ካሴት ለጋዜጠኛዋ ይደርሳታል። በዚህኛው ላይ ራሱ ጌል በኮንስታንስ ሬሳ አጠገብ ይታያል። ለካ ሁለቱ ታጋዮች ተመካክረው ኖሯል፤ እርሷ ለመሞት፣ እርሱም ባልሠራው ወንጀል ተፈርዶበት ለመገደል ቆርጠው የተነሡ ናቸው። ዓላማቸውም ገዥው የጠየቀውን ስም ለማቅረብ ነው።

የጥያቄው ወጥመድ

ፊልሙ በወጣበት ጊዜ ብዙ ተቺዎች ወርደውበታል። በአሜሪካ ዝነኛ የነበረው የፊልም ተቺ ሮጀር ኢበርት አንዲት ኮከብ እንኳ ነፍጎታል። የነቀፋው ፍሬ ነገር የሞት ቅጣትን የሚቃወም ፊልም ተቃዋሚዎቹን አታላዮች አድርጎ አቀረበ የሚል ነው። ትችቱ መሠረት የለውም አንልም። ነገር ግን የፊልሙ ድክመት ከዚህ ይልቅ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ ይመስለናል። ድክመቱ የገዥውን ጥያቄ እንደ ተገቢ ጥያቄ መቀበሉ ነው።

እስቲ ጥያቄውን እናብላላው። በሞት ቅጣት ሥርዓት ውስጥ ማስረጃውን በእጁ የያዘው ማን ነው? መንግሥት ነው። ፖሊሱን፣ ዐቃቤ ሕጉን፣ የምርመራ ላቦራቶሪውንና መዝገብ ቤቱን የሚያዝዘው ማን ነው? ያው መንግሥት ነው። ሰውዬው ከተገደለ በኋላስ ስለ እርሱ የሚከራከር ማን ይቀራል? ጠበቃው ወደ ሌላ መዝገብ ይሄዳል፤ ፍርድ ቤቱ ፋይሉን ይዘጋል፤ ቤተሰቡም አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ የሌለው ድሃ ነው። እንግዲህ ገዥው «አንድ ስም ጥቀስ» ሲል ምስክሩን ከቀበረ በኋላ ምስክር አምጣ እንደሚል ሰው መሆኑ ነው። የማስረዳት ሸክም በገዳዩ ላይ መሆኑ ቀርቶ በሟቹ ላይ ተጭኗል። ፊልሙ ይህን ወጥመድ ከማፍረስ ይልቅ ራሱ ገባበት፤ ስም አጣሁ ብሎም ስም ፈጠረ።

ይሁንና ስም ከተፈለገ ስም አልጠፋም። የፓርከር አገር እንግሊዝ አንዱን በሚገባ ታውቀዋለች። ቲሞቲ ኢቫንስ የተባለ፣ ማንበብና መጻፍ በወጉ ያልቻለ የጭነት መኪና ሾፌር ሕፃን ልጁን ገድሏል ተብሎ በ1950 ለንደን ውስጥ ተሰቀለ። በችሎቱ ላይ ከመሰከሩበት ሰዎች አንዱ በዚያው ቤት የሚኖር ጆን ክሪስቲ የተባለ ጎረቤቱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ በክሪስቲ ቤት የብዙ ሴቶች ሬሳ ተገኘ፤ የኢቫንስን ሚስት የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎም ተናዘዘ። ኢቫንስ በ1966 ከሞተ በኋላ ምሕረት ተደረገለት። ጉዳዩም እንግሊዝ በ1965 ለነፍሰ ገዳዮች የነበረውን የሞት ቅጣት እንድታቆም ከገፋፉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ።

በአሜሪካም ቢሆን ፊልሙ ሊወጣ ስድስት ሳምንት ያህል ሲቀረው በኢሊኖይ ግዛት የተፈጸመው ሁኔታ ለገዥው ጥያቄ በቂ መልስ ነበር። በዚያ ግዛት የሞት ቅጣት እንደገና ከተጀመረ ወዲህ 12 ሰዎች ሲገደሉ፣ ሞት ከተፈረደባቸው መካከል 13ቱ ጥፋተኞች አለመሆናቸው ተረጋግጦ ተለቅቀዋል። ገዥው ጆርጅ ራያን ቀድሞ የሞት ቅጣት ደጋፊ ነበር፤ ይህን ስሌት ካየ በኋላ ግን በ2000 ግድያውን አገደ፤ በጃንዋሪ 2003ም ከ160 በላይ የሆኑ ፍርደኞችን የሞት ቅጣት በሌላ ቅጣት ለወጠ። ኢሊኖይ በ2011 ቅጣቱን ጨርሳ ሠረዘች። ዛሬ በመላው አሜሪካ ከ1973 ወዲህ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ነጻ የወጡት ሰዎች ቁጥር 200 ደርሷል። ልብ በሉ፤ ይህ በሕይወት ሳሉ የተደረሰላቸው ሰዎች ቁጥር ነው።

በተራው የሚቀመጠው ማን ነው?

የፊልሙ ሁለተኛ ሽፋን ባለታሪኩ ነው። ጌል መምህር ነው፤ መጽሐፍ ጽፏል፤ በቴሌቪዥን ይቀርባል፤ ነጭ ነው፤ ሞቱንም የመረጠው ራሱ ነው። በቴክሳስ የሞት ፍርደኞች እሥር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። በዚያ ተራ የሚጠብቁት በአብዛኛው ጠበቃ ለመቅጠር ገንዘብ ያልነበራቸው፣ ትምህርታቸውን ያቋረጡ፣ በችግር ያደጉ ሰዎች ናቸው። ጥቁሮች ከአሜሪካ ሕዝብ 13 በመቶ ያህል ሲሆኑ ከሞት ፍርደኞች መካከል ግን 40 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ።

ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ የሚቆምለት በፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ነው። ይህ ጠበቃ ምን ዓይነት ሰው ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት የካልቪን በርዲንን ጉዳይ ማየት ይበቃል። በርዲን በ1984 በሂውስተን ከተማ ሞት ሲፈረድበት ፍርድ ቤት የሾመለት ጠበቃ ችሎቱ በሚካሄድበት ጊዜ ደጋግሞ ያንቀላፋ ነበር። ይህን የመሰከሩት የጁሪው አባላትና የችሎቱ ጸሐፊ ናቸው። (ጁሪ ማለት ተከሳሹ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን እንዲወስኑ ከሕዝብ መካከል የሚመረጡ ፈራጆች ጉባኤ ነው።) የተኛ ጠበቃ እንደሌለ ጠበቃ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም በሚለው ነጥብ ላይ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት ተከራክረው፣ በ2001 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን አፈረሰው። በአንድ ሰው ሕይወት ላይ እየተፈረደ ጠበቃው ይተኛል፤ መተኛቱ ጥፋት መሆኑን ለመወሰንም 17 ዓመት ይፈጃል!

የቆዳ ቀለምም እንዲሁ ይመዘናል። በ1987 ዋረን ማክሌስኪ የተባለ የጆርጂያ ግዛት ፍርደኛ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ጥናት አቀረበ። ጥናቱ እንዳመለከተው በዚያ ግዛት ነጭ የገደለ ተከሳሽ ጥቁር ከገደለው ይልቅ ሞት የሚፈረድበት ዕድል ከ4 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ፍርድ ቤቱ ጥናቱን ሐሰት ነው አላለም፤ በዚህ በአንተ ጉዳይ ላይ ሆን ተብሎ የተፈጸመ አድልዎ መኖሩን አላስረዳህም በማለት 5 ለ4 በሆነ ድምፅ ወሰነበት። ማክሌስኪ በ1991 በኤሌክትሪክ ወንበር ተገደለ።

በዚህ ስሌት ላይ ቆም ብለን ልናስብ ይገባናል። ከጥናቱ የምንማረው በገዳዩ ላይ ስለሚደርሰው አድልዎ ብቻ አይደለም፤ ሥርዓቱ የሟቹንም ነፍስ በተለያየ ሚዛን እንደሚለካ ያሳያል። የድሃው ሠፈር ልጅ ሲገደል ነገሩ ቀለል ተደርጎ ይታያል፤ የሀብታሙ ሠፈር ሰው ሲሞት ግን ዐቃቤ ሕጉ ሞት ይጠይቃል። እንግዲህ ድሃው ሁለት ጊዜ ይበደላል፤ ሲከሰስም ሲገደልም።

የኮርሲካናው ቃጠሎ

ፊልሙ ከወጣ አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 17 ቀን 2004፣ ቴክሳስ ካሜሮን ቶድ ዊሊንግሃምን ገደለች። የዚህ ሰው ታሪክ ማንም ፊልም ጸሐፊ ሳይፈጥረው ለገዥው ጥያቄ የቀረበ መልስ ነው፤ ስለዚህም በዝርዝር መታየት ይገባዋል።

ዊሊንግሃም በኮርሲካና ከተማ የሚኖር ሥራ ያጣ መካኒክ ነበር። በዲሴምበር 23 ቀን 1991 ጠዋት፣ ሚስቱ ከቤት በወጣችበት ሰዓት፣ የሚኖሩባት ትንሽ የእንጨት ቤት ተቃጠለችና ሦስት ሴት ልጆቹ ሞቱ። ታላቂቱ የ2 ዓመት፣ መንትዮቹ የ1 ዓመት ልጆች ነበሩ። የእሳት አደጋ መርማሪዎች ቤቱን ካዩ በኋላ ወለሉ በኩሬ ቅርጽ መቃጠሉን፣ የመስኮቱ መስተዋት እንደ ሸረሪት ድር መሰነጣጠቁንና ሌሎችም በርካታ ምልክቶችን ቆጥረው፣ ተቀጣጣይ ፈሳሽ ፈስሶ ሆን ተብሎ የተለኮሰ እሳት ነው አሉ። አንድ እስረኛም ዊሊንግሃም በእሥር ቤት ውስጥ ወንጀሉን ነግሮኛል ብሎ መሰከረ። ይህ ምስክር በ2014 ምስክርነቱ ሐሰት እንደነበረ ለጋዜጠኞች ተናግሯል። በ1992 በተካሄደው ችሎት ጁሪው ለመወሰን የፈጀበት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር። ዊሊንግሃም ጥፋቱን ቢያምን በእድሜ ልክ እሥራት እንደሚታለፍ ከችሎቱ በፊት ቢነገረውም ልጆቼን አልገደልኩም ብሎ እምቢ አለ።

ማስረጃው ምን ያህል ጽኑ ነበር? የእሳት ሳይንስ በእነዚያው ዓመታት ከልማድ ወደ ሙከራ እየተሸጋገረ ነበር። ቀድሞ መርማሪው የሚመራው ከአለቆቹ በወረሰው ግምት ነበር፤ ወለል ከተቃጠለ ቤንዚን ፈስሷል፣ መስተዋት ከተሰነጣጠቀ እሳቱ በድንገት ግሏል ይባል ነበር። ተመራማሪዎች እውነተኛ ቤቶችን አቃጥለው ሲፈትኑ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። አንድ ክፍል ውስጥ የተነሣ እሳት ሙቀቱ ጣራው ሥር ተከማችቶ ከመጠን ሲያልፍ ክፍሉ ከላይ እስከ ታች በአንድ አፍታ ይቀጣጠላል። በዚህ ጊዜ አንዲት ጠብታ ቤንዚን ባይኖርም ወለሉ ላይ ያ የኩሬ ቅርጽ ይወጣል። መስተዋቱ የሚሰነጣጠቀውም የእሳት ማጥፊያ ውሃ የጋለውን ገጽ በድንገት ሲያቀዘቅዘው ነው። እሳት ሊያጠፋ የመጣው ውሃ የጻፈውን ምልክት መርማሪው የወንጀለኛ እጅ ጽሑፍ አድርጎ አነበበው ማለት ነው።

ጄራልድ ኸርስት የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ይህን መዝገብ ያለ ክፍያ መርምሮ፣ ሆን ተብሎ ስለመለኮሱ የቀረቡት ምልክቶች አንዳቸውም እንደማያስረዱ የሚገልጽ ሪፖርት ጻፈ። ሪፖርቱ ግድያው ከመፈጸሙ በፊት ለግዛቱ የምሕረት ቦርድና ለገዥው ለሪክ ፔሪ ጽሕፈት ቤት ደርሷል። ቦርዱ ምሕረቱን አልፈቀደም። የቴክሳስ ገዥ በራሱ ሥልጣን ግድያን ለ30 ቀናት ማዘግየት ይችላል፤ ይህም አልተደረገም። በ2009 የግዛቱ የፎረንሲክ ሳይንስ ኮሚሽን የቀጠረው ክሬግ ቤይለር የተባለ የእሳት ሳይንስ ባለሙያም ሆን ተብሎ ተለኮሰ የሚለው ድምዳሜ ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው አረጋገጠ። ኮሚሽኑ ባለሙያውን ሊሰማ ሁለት ቀናት ሲቀሩት ግን ገዥው የኮሚሽኑን ሊቀመንበርና ሌሎች አባላት በሌሎች ተካ፤ ስብሰባውም ተሠረዘ።

ከዚህ ጎን ለጎን የኧርነስት ዊሊስን ጉዳይ ብናስቀምጥ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። ዊሊስም በዚያው በቴክሳስ በ1986 በተነሣና ሁለት ሴቶችን በገደለ ቃጠሎ ምክንያት ሞት ተፈርዶበት ነበር። ማስረጃው ተመሳሳይ ነው፤ የወለል ላይ ምልክት ነው። ያንኑ ኸርስትን ዐቃቤ ሕጉ ጠይቆት ያንኑ መልስ ሰጠ። ዊሊስ ግን በኦክቶበር 2004 ነጻ ወጣ፤ ዊሊንግሃም ከተገደለ ከስምንት ወር በኋላ መሆኑ ነው። ልዩነቱ ከየት መጣ? ለዊሊስ አንድ ትልቅ የጠበቆች ድርጅት ጉዳዩን ያለ ክፍያ ይዞለት ለዓመታት ብዙ ገንዘብና ብዙ የሰው ጉልበት አፍስሶለታል። የእሳቱ ሳይንስ ለሁለቱም አንድ ነበር፤ የተለያየው የተከራካሪው አቅም ነው። የሞት ቅጣት የመደብ ጥያቄ ነው የምንለው መፈክር ለማሰማት ሳይሆን እንዲህ ያለው ንጽጽር ግድ ስለሚለን ነው።

የዊሊንግሃምም ታሪክ በ2018 በኤድዋርድ ዝዊክ አዘጋጅነት ፊልም ሆኗል። በዚህኛው ፊልም ውስጥ ተንኮል የለም፤ የተደበቀ ካሴት የለም። አንድ ሰነፍ የሚባል፣ ጠባዩም ያላማረ፣ ጎረቤት የማይወድደው ድሃ አለ። ለሞት የሚያበቃው አንዱም ይኸው ነው፤ ሰው ሲጠላ በቀላሉ ይታመንበታል።

እውነትና ንጋት

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይላል የአገራችን ሰው። ሌላውም ቅጣት ሰውን ይጎዳል፤ በእሥር የጠፋ ዕድሜ አይመለስም። ነገር ግን የታሰረው ሰው በሕይወት ካለ እውነቱ ሲጠራ በሩ ይከፈትለታል። የሞት ቅጣት ከሌላው ቅጣት የሚለየው እያደር ለሚጠራው እውነት ማደሪያ የማይሰጥ በመሆኑ ነው።

የቴክሳስ ሕግ ለዚህ ነገር ለረዥም ጊዜ የሰጠው ጊዜ ምን ያህል እንደነበረ እንመልከት። አዲስ ማስረጃ አግኝቻለሁ የሚል ፍርደኛ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ የሚችለው ፍርዱ ከተሰጠ በ30 ቀናት ውስጥ ነበር። ሊዮኔል ኸሬራ የተባለ ፍርደኛ ከዓመታት በኋላ ወንጀሉን የሠራው ሌላ ሰው ነው የሚሉ ቃለ መሐላዎች ይዞ ሲቀርብ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1993 በቀድሞው ፍርድ ላይ የሥርዓት ጉድለት ካላሳየ በቀር ንጹሕ ነኝ ማለቱ ብቻውን ጉዳዩን በፌዴራል ፍርድ ቤት ለማስከፈት እንደማይበቃ ወሰነ፤ ምሕረት ከፈለገ ወደ ገዥው ይሂድ ተባለ። ኸሬራ በዚያው ዓመት ተገደለ። በእርሱ ጉዳይ እውነቱ የትኛው እንደሆነ እዚህ ልንፈርድ አንነሣም። የምንለው ሕጉ ራሱ ጥያቄውን ለመስማት ፈቃደኛ አለመሆኑን ነው። ሳይንሱ ሲለወጥ የተዘጋ መዝገብ እንደገና እንዲታይ የሚፈቅድ ሕግ በቴክሳስ የወጣው በ2013 ነው።

በዚህ ረገድ የፓርከር ፊልም አንድ ትልቅ እውነት ነክቷል። በመንገድ የምትሮጠው ጋዜጠኛና በእሥር ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚቆጥረው ሰዓት የሥርዓቱን ባሕርይ በትክክል ያሳያሉ። በሃንትስቪል ከተማ ግድያ የሚፈጸመው ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ፍርደኛው በአልጋ ላይ በማሠሪያ ይታሠራል፤ መርፌ ይሰካለታል፤ የሕክምና መልክ ይሰጠዋል። በመርፌ መግደል በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈጸመው በዚህችው ከተማ በዲሴምበር 1982 ነው። የመጀመሪያው ሟች ቻርሊ ብሩክስ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ግድያ የተከሰሰ ሲሆን፣ ከሁለቱ ጥይቱን የተኮሰው ማን እንደሆነ ሳይረጋገጥ እርሱ ተገደለ፤ ባልንጀራው በመጨረሻ በእሥራት ታለፈ።

ጥፋተኛውስ?

እዚህ ላይ አንባቢ በትክክል የሚያነሣው ጥያቄ አለ። ንጹሑስ ይሁን፤ በእርግጥ የገደለውስ? የሟች እናት እንባስ? ይህን ጥያቄ የሚሸሽ ክርክር ሰፊውን ሕዝብ ሊያሳምን አይችልም። የፓርከር ፊልም ሸሽቶታል፤ ጉዳዩን በንጹሕ ሰው ላይ ብቻ ስላቆመው ጥፋተኛ ከሆነ ግን ይገደል የሚል ትርጉም ሳይወድ ትቶ ሄዷል።

ጥያቄውን በድፍረት የተጋፈጠው የፖላንዱ አዘጋጅ ክሽሽቶፍ ኪሽሎቭስኪ ነው። በ1988 በሠራው «ስለ መግደል አጭር ፊልም» በተባለ ሥራው ውስጥ አንድ ወጣት ያለ በቂ ምክንያት ታክሲ ነጂ ይገድላል። ግድያው ረዥምና አስቀያሚ ነው፤ ተመልካቹ ለገዳዩ እንዲያዝን የሚጋብዝ አንዳች ማስዋቢያ የለውም። ከዚያ መንግሥት ወጣቱን ይሰቅለዋል፤ ይህም በተመሳሳይ ዝርዝር ይታያል። ንጹሕ ሰው የለም፣ የተደበቀ ማስረጃ የለም፣ እንቆቅልሽ የለም። ሁለት ግድያዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ፍርዱ ለተመልካቹ ይተዋል። ፊልሙ በዚያው ዓመት በካን የፊልም በዓል ተሸለመ። በፖላንድ የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመውም በ1988 ነው፤ በ1997 የወጣው የወንጀል ሕግ ቅጣቱን አስወገደው። ሕጉን የለወጠው ፊልም ብቻውን ነው አንልም፤ ሕዝቡ በሚወያይበት ሰዓት ግን ጥያቄውን ሳያጣምም አቅርቦለታል።

የሟች ቤተሰብ ሐዘን እውነት ነው፤ ፍትሕም ይገባዋል። ነገር ግን ግድያ ግድያን ይቀንሳል የሚለው ተስፋ በማስረጃ አልተደገፈም። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2012 ለአሥርተ ዓመታት የተጻፉትን ጥናቶች መርምሮ፣ የሞት ቅጣት ነፍስ ግድያን መቀነሱን ወይም መጨመሩን ለማወቅ እንደማይጠቅሙ ገልጿል። ሕዝብ ሌላ አማራጭ ሲያገኝ ምን እንደሚመርጥም ከቴክሳስ ራሷ እንማራለን። በ1999 በዚያ ግዛት በአርባዎቹ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞት ተፈርዶባቸው ነበር። በ2005 ጁሪው ያለ አመክሮ እድሜ ልክ እሥራት እንዲፈርድ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ከ2015 ወዲህ በየዓመቱ የሚሰጠው የሞት ፍርድ ከ10 በታች ነው። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን ኅብረተሰቡን ከአደገኛ ሰው ለመጠበቅ መግደል ብቸኛ መንገድ አለመሆኑን ተራው ፈራጅ መረዳቱ ነው።

ከፊልሙ ምን እንያዝ?

«የዴቪድ ጌል ሕይወት» ይታይ ወይስ አይታይ? ይታይ እንላለን፤ ውይይት ግን ይከተለው። በየሠፈሩ ማኅበር፣ በየፋብሪካው ክበብ ፊልም አይቶ መበተን ልማድ መሆን የለበትም። ታሪኩ ልብ ያንጠለጥላል፤ ልብ ሲንጠለጠል ደግሞ አእምሮ ያርፋል። መብራቱ ሲበራ አእምሮ ሥራውን ሊጀምር ይገባል።

ለውይይቱ መነሻ የሚሆኑ ጥያቄዎች ሩቅ አይደሉም። ማስረጃው በማን እጅ ነው? ተከሳሹን የሚከራከርለት ማን ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው? ምስክሩ በምስክርነቱ ምን ይጠቀማል? ባለሙያው የሚናገረው በፈተና የተረጋገጠውን ነው ወይስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣውን ግምት? ስሕተት ቢገኝ የሚታረምበት በር ክፍት ነው? እነዚህ ጥያቄዎች ለቴክሳስ ብቻ የተበጁ አይደሉም። በሠፈር ሽማግሌ ፊትም ሆነ በከፍተኛ ፍርድ ቤት በሰው ላይ በሚፈረድበት ቦታ ሁሉ የሚነሡ ናቸው። ሕዝባችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲል ኖሯል። በፍርድ መሸነፍን ይቀበላል፤ ያለ ፍርድ የተወሰደበትን ግን ቁራሽ እንኳ አይተውም። በቅሎ ላጣ ይህ ይበቃዋል። ሕይወቱን ላጣ ሰው ግን ፍርዱ ፍርድ እንዳልነበረ በኋላ ቢታወቅ ማን ይመልስለታል?

የፊልሙ ገዥ አንድ ስም ጠይቆ ነበር። የተጻፈለት መልስ ፈጠራ ነው። እውነተኛው መልስ ግን ከሊቃውንት ክርክር አልመጣም፤ በኮርሲካና ከተቃጠለች አንዲት የድሃ ቤት አመድ ውስጥ ተገኘ። ስሙም ሊነበብ በሚችልበት ጊዜ ባለ ስሙ በሕይወት አልነበረም።